በመስታወቱ ላይ የተገኘው አሻራ

ትምህርት ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ወፍራም መነጽር ስለምታደርግና ማንኛውንም ነገር አፍንጫዋ ሥር አምጥታ ካላየች ስለማይሆንላት «አጉሊ» ይሏታል፤ አጉሊ መነጽር ለማለት ነው። መጀመሪያ ሲያሾፉባት ያወጡላት ስም ነበር። የባዮሎጂው መምህር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፎረንሲክ የሚባለውን የወንጀል ምርመራ ሳይንስ ማስተማር ሲጀምሩ ግን ስሙ እንደ ማዕረግ ሆነላት።

መምህሩ ቀጠን ያሉ፣ የሸሚዛቸው እጅጌ ሁሌ ጠመኔ የነካው፣ ቀልድ ጀምረው ሳይጨርሱ ራሳቸው ቀድመው የሚስቁ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ዓርብ ተማሪውን ሁሉ ከክፍል አስወጡና ጥቂት ቆይተው መልሰው አስገቡ።

«ጠረጴዛዬ ላይ የነበረ አንድ ነገር የለም። ምንድን ነው?» አሉ።

«ትዕግስትዎ ነው ቲቸር!» አለች ሳቂታ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቂታ የአጉሊ የወንበር ጓደኛ ነበረች። በአንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ፈተና ወድቃም፣ ጥርሷን አሟትም፣ ዝናብ ደብድቧትም የምትስቅ ልጅ ናት። በየሄደችበት ሰው ይከባታል። አጉሊ ትወዳታለች፤ ግን አንዳንዴ፣ ሁሉም ወደ ሳቂታ ዞሮ እሷ ብቻዋን ደብተሯ ላይ ስታቀረቅር፣ አንድ ነገር ጎኗን ወጋ ያደርጋት ነበር። ቅናት ነው ብላ ለራሷ እንኳ ነግራ አታውቅም።

ሳቁ ሲበርድ አጉሊ እጇን አወጣች። «የሰሌዳ ማጥፊያው ነው። የጠመኔው ብናኝ በቅርጹ ልክ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።»

መምህሩ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «አያችሁ? ዕቃው ሄደ፣ ዱካው ቀረ። ዓመቱን ሙሉ የምንማረው ይሄንን ነው።»

ከዚያ በኋላ ዓርብ እስኪደርስ መታገስ አቃታት። የጫማ ዱካ ላይ ጄሶ አፍስሰው ሲደርቅ አነሱ። የእስክሪብቶ ቀለም እርጥብ ወረቀት ላይ ሲሰራጭ ወደ ስንት ዓይነት ቀለም እንደሚለያይ አዩ። የሰውና የድመት ጸጉር በማይክሮስኮፕ አስተያዩ። የጣት አሻራ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ጣቶቹን ቀለም እየነከረ ካርድ ላይ አተመ። ሳቂታ ካርዷን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ «እዩት፣ የኔ አሻራ ራሱ ይስቃል!» ስትል መምህሩም አብረው ሳቁ።

አጉሊ ግን ትምህርቱን ቤቷ ድረስ ይዛው ሄደች። የእናቷን የፊት ፓውደር መቀቢያ ብሩሽ ወስዳ፣ ከሰል ደቁሳ፣ ብርጭቆውን፣ የበሩን እጀታ፣ የቴሌቪዥኑን መስታወት ሁሉ አጠቆረችው። እናቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አንቺ ልጅ፣ ወንጀለኛ ከቤቴ ካላገኘሽ አትተኚም ማለት ነው?» አለቻት።

ችግሩ የመጣው ማይክሮስኮፑ የተሰበረ ቀን ነው።

ትምህርት ቤቱ ደህና የሚባል ማይክሮስኮፕ የነበረው አንድ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት መምህሩ የላቦራቶሪውን ቁም ሣጥን ሲከፍቱ ሌንሱ ተሰብሮ፣ አንገቱ ተጣሞ አገኙት። የጣለው ሰው አንስቶ ቦታው መልሶታል። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ «የሰበረው ራሱ ይናገር» አሉ። ማንም ትንፍሽ አላለም። በዚያ ሳምንት ላቦራቶሪውን የማጽዳት ተራ የነሳቂታ ስለነበር ወሬው ቀስ እያለ ወደነሱ መዞር ጀመረ።

ዓርብ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ተነሣ። «ቲቸር፣ ለምን አሻራ አንፈልግም? እውነተኛ ጉዳይ አገኘን እኮ!»

«ይሄ የፖሊስ ሥራ እንጂ የእናንተ አይደለም» አሉ መምህሩ። ግን ዓይናቸው በርቶ ነበር። ጥቂት አሰቡና «እሺ፣ እንደ ልምምድ። ልምምድ ነው ያልኩት፤ ፍርድ አይደለም» ብለው ብሩሹን ለአጉሊ ሰጧት።

አጉሊ ክፍሉ ሁሉ ከኋላዋ ተጋፍቶ እያያት የቁም ሣጥኑን የመስታወት በር ከፈተች። በሩ እየተወዛወዘ ሲያስቸግራት በግራ እጇ ደገፍ አደረገችውና ብናኙን ነሰነሰችበት። ጠርዙ አካባቢ አንድ አሻራ ጥርት ብሎ ወጣ። በፕላስተር አነሣችው። ነጭ ካርድ አልቆ ስለነበር ከደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ቆርጣ እሱ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ የጽዳት ተረኞቹን ካርድ አስመጥታ በአጉሊ መነጽሩ ማስተያየት ጀመረች።

የአሻራው መስመሮች እንደ ጸጉር መያዣ ታጥፈው ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። የሳቂታ ቀኝ አውራ ጣትም እንደዚያው ነው። አንዱ መስመር መሐል ላይ ሹካ ሆኖ ይከፈላል፤ የሳቂታም ይከፈላል። መምህሩ «ብዙ ነጥብ ካልገጠመ አፋችሁን አትክፈቱ» ብለው ደጋግመው አስተምረዋል። አጉሊ ግን ደወል ሊደወል ነው፣ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ እሷን እየጠበቀ ነው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ተጠብቃ አታውቅም።

«አገኘሁት» አለች። «ቀኝ አውራ ጣት ነው። የሳቂታ።»

ሳቂታ ሳቀች። «ሂጂ እዚያ!» አለች፤ ቀልድ መስሏታል። አብሯት የሚስቅ ስታጣ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «እኔ ወለሉን ነው የጠረግኩት። ቁም ሣጥኑ ጋ አልደረስኩም። አጉሊ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

ርዕሰ መምህሩ ጫጫታው ስቧቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር። መምህሩ «ገና አልተረጋገጠም፣ ይሄ ለልምምድ ያህል...» ማለት ሲጀምሩ ርዕሰ መምህሩ አቋረጧቸው። «የሳይንስ ማስረጃ እያለ ምን ክርክር ያስፈልጋል?» አሉ። መምህሩ ቃላቸውን ዋጡት። ሳቂታ ጥፋቷን አምና ይቅርታ እስክትጠይቅ ከትምህርት ታገደች።

ያን ዕለት አጉሊን ያላነጋገራት የለም። ከዚያ በፊት ሰላም የማይሏት ልጆች ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ቤት ደርሳ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ጎበዝ የኔ ልጅ» አለችና ቢላዋው ቆመ። «ሳቂታ? የኛዋ ሳቂታ?»

«አሻራዋ ነዋ እማዬ።»

እናቷ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ዓርብ መምህሩ ሲገቡ አልቀለዱም። «ዛሬ የምንማረው እንዴት እንደምንሳሳት ነው» አሉና ላስቲክ ላይ በማርከር አንድ ቃል ጻፉ። ከፍ አድርገው አሳዩ፤ ይነበባል። ገለበጡት፤ ፊደሎቹ ሁሉ ዞሩ። «ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ላይ የተለጠፈ አሻራም እንደዚሁ ነው። ከጀርባው ካያችሁት ግራው ቀኝ ይሆናል።»

አጉሊ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም።

ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠበቀች። ላስቲኩን ከመሳቢያው አውጥታ ፕላስተሩ የተለጠፈበት የትኛው ፊቱ እንደሆነ በጣቷ ዳሰሰችው። ያን ቀን ያየችው ከጀርባው ነበር። ስትገለብጠው መስመሮቹ ወደ ግራ ታጠፉ፤ ቀኝ እጅ መሆኑ ቀርቶ ግራ እጅ ሆነ። የጽዳት ተረኞቹን ካርዶች አንድ በአንድ አየች። የማንም አይደለም። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ የራሷን ካርድ ከክምሩ ሥር መዘዘች።

ግራ አውራ ጣቷ ነበር። አንዱ ነጥብ ገጠመ። ቀጣዩ ገጠመ። የማይገጥም ፈልጋ አጣች። በሩን ደገፍ ስታደርግ ራሷ ያተመችውን አሻራ ራሷ አንስታ፣ ገልብጣ አይታ፣ ለጓደኛዋ ሰጥታታለች።

ካርዱን ወደ ቦታው መለሰች። ለማንም አልተናገረችም። እራት ቀርቦላት ጎረሰች እንጂ የበላችውን አላወቀችም። «እኔ ሳላውቅ ነው፣ አስቤ አይደለም» ትላለች ለራሷ፤ ወዲያው ደግሞ «አሁንስ? አሁን አላወቅሽም?» ይላታል ውስጧ።

ቅዳሜ እናቷ ቀሚስ አስይዛ ልብስ ሰፊው ጋ ላከቻት። ልብስ ሰፊው የሳቂታ አባት ናቸው። አጉሊ ብዙ ሰበብ ደረደረች፤ ራሴን አመመኝ አለች፤ እናቷ ወይ ፍንክች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ መሬት ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ። ሳቂታ ከውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ቁልፍ ትተክላለች። ማን እንደገባ ከድምጿ አውቃለች፤ አልዞረችም።

አባትየው ቀሚሱን ተቀበሉና አላዩትም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ልጄ፣ አንቺ አብረሻት ያደግሽ ነሽ። ትምህርቱንም ታውቂዋለሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ስጠይቃት አልነካሁም ትለኛለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ሳይንስ ነው፣ አይሳሳትም አሉኝ። ውሸት ሳላስተምራት እንዴት ትዋሸኛለች ብዬ እነሆ ሳምንት ሆነኝ፣ አላናግራትም። እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ልጄ ውሸታም ናት?»

አጉሊ ወደ በሩ አፈገፈገች። «አላውቅም አባባ» አለችና ወጣች።

መታጠፊያው ጋ እስክትደርስ በፍጥነት ተራመደች። እዚያ ቆመች። ሰው እየገፋት ያልፋል። እግሯ ወደ ቤት አልሄድ አላት። ተመልሳ ገባች።

«የኔ ነው» አለች እንደቆመች። «አሻራው የኔ ነው አባባ።»

አባትየው ግራ ገባቸው። «የሰበርሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለም። ብናኙን ስነሰንስ በሩን ይዤው ነበር፤ የገዛ ጣቴን አሻራ ነው ያነሣሁት። ከዚያ በተቃራኒው አየሁት። በጀርባው። ስለዚህ የሷን መሰለኝ።»

አባትየው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ ፊቱንና ጀርባውን አገላብጠው አዩ። «ገልብጠሽ ቆረጥሽው በይኛ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ አባባ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። ቁርጥራጩን ጨርቅ ሲያጥፉ፣ ሲዘረጉ፣ ሲያጥፉ ቆዩ። ሳቂታ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች። ከአጉሊ ፊት ለፊት መጥታ ቆመች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት።»

«ትናንት አውቀሽ፣ አሁን እዚህ ቆመሽ አባቴን አላውቅም አልሽው።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ተሳስቼ ነው እንጂ...»

«መሳሳትሽ አይደለም» አለች ሳቂታ። አልጮኸችም። «ስሜን ስትጠሪ ደስ ብሎሽ ነበር። አይቼሻለሁ።»

እውነት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለመምህሩ የራሷንና የሳቂታን ካርድ ከላስቲኩ ጋር አስቀመጠችላቸው። አጎንብሰው ለረጅም ጊዜ አዩና ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ዓርብ ያን ትምህርት ያመጣሁት ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ጠርጥሬ ደግሞ ላስቲኩን ለማየት ፈራሁ። ካንቺ የባስኩት እኔ ነኝ።»

አብረው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። ርዕሰ መምህሩ ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «እሺ፣ ልጅቷ ዝም ብላ ትመለስ። ተሳስተን ነበር ብለን ብናውጅ ወላጅ ምን ይለናል?»

«እኔ ዝም ብዬ አልነበረም ስሟን የጠራሁት» አለች አጉሊ። «በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ልመልሰው።»

መምህሩ ክፍል ውስጥ ቀድመው ተናገሩ። ልምምድን ከፍርድ አልለየሁም፣ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ አሉ። ከዚያ አጉሊ ወደ ፊት ወጣች። አዘጋጅታ የመጣችው ሁሉ ጠፋባት፤ «አሻራው የኔ ነው፤ ሳቂታ ምንም አላደረገችም» ብላ ቆመች። አንድ ልጅ ከኋላ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሌላው ተከተለ። እሷ የፈለገችው እንዲቆጧት ነበር።

ሳቂታ ተመለሰች፤ ግን ሌላ ወንበር መረጠች። ማይክሮስኮፑን የሰበረው ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልታወቀም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሁለቱ ልጆች ቧንቧው ጋ ተገናኙና ሳቂታ እጇን እየታጠበች፣ ሳታያት «አባቴ ይቅርታ ጠየቀኝ» አለቻት። «ሲጠይቀኝ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ያንን ማየት አልነበረብኝም።» ቧንቧውን ዘግታ ሄደች።

አጉሊ አድጋ በዚያው ሙያ ገፋች። ዛሬ አሻራ የሚመረመርበት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የሷ ነው። አለቆቿ ዘገየሽ ብለው ያማርሩባታል፤ አዲስ የሚገቡት ወጣቶች ደግሞ እሷን እርግጠኛ ነኝ ከማሰኘት ጥርስ መንቀል ይቀላል ይላሉ። አትከራከራቸውም። አንዳንድ ቀን ፋይል ዘግታ ስትነሣ፣ ያን ቀን የሳቂታን ስም ስትጠራ የተሰማት ደስታ ትዝ ይላታል። ስህተቱን ይቅር ካለችው ቆይታለች፤ ደስታውን ግን ምን እንደምታደርገው እስካሁን አታውቅም።

ልብስ ሰፊው ካረፉ በኋላ ሱቁን የያዘችው ሳቂታ ናት። አጉሊ ለዓመታት ልብሷን ሩቅ ሰፈር ወስዳ ስታሰፋ ኖረች፤ እናቷም «እግርሽ ሥር ሱቅ እያለ ምን አንከራተተሽ?» እያለች ትጨቀጭቃት ነበር። አንድ ቀን የሥራ ካፖርቷ ኪስ ተቀደደና ወደ ሳቂታ ሱቅ ገባች። ሳቂታ ወፈር ብላለች። ስለ ልጆቿ አወራች፣ ስለ መብራት መጥፋት አማረረች፣ በገዛ ቀልዷ ሳቀች። አጉሊ ካፖርቱን አውልቃ ሰጠቻት። ስለ አሻራው ልታነሣ ስትል ሳቂታ ኪሱን እያገላበጠች «ገበሩም ተተርትሯል፤ እሱንም ልሥራልሽ?» አለቻት።

«ሥሪልኝ።»

«በይ ረቡዕ ነይና ውሰጂው።»

ረቡዕ ሄዳ ወሰደችው። ስለዚያ ጉዳይ በዚያም ቀን አልተነጋገሩም።