በሦስት አውራ ጣት የሰፋ ጫማ

ልጅ እያለሁ እኩዮቼ ሰው እግር ላይ ባዩት ጫማ ሲቀኑ፣ እኔ የምቀናው ቁም ሳጥን አናት ላይ በተቀመጠ ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ያለው አክስቴ እትዬ ዘነበች ቤት ነው፤ ውስጡ ያለው ጫማ ደግሞ የልጃቸው የሂሩት ነው። ጫማውን ማንም አያደርገውም። እንዲህ ያለ ቅናት ደርሶባችሁ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። ሌላው ሲበላ እያዩ መራብ አንድ ነገር ነው፤ ማንም የማይበላው ምግብ ተከድኖ ሲቀመጥ እያዩ መራብ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔና እናቴ ቶሮንቶ የገባነው ገና የወተት ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ነው። ስፖንሰር ሆነው ያመጡን የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበችና ባላቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው። እነሱ ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር ጓሮ ያለው ቤት ነበራቸው። እኛ ፓርክዴል፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የሚቆምበት ቀን የሚበዛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ ኮሪደሩ የጎረቤት የካሪ ቅመምና የራሰ ምንጣፍ ይሸታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሐዲድ በሚሄደው ስትሪትካር፣ ከዚያ ከመሬት በታች በሰብዌይ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እነሱ ጋ እንሄዳለን። ሂሩትና እኔ በአንድ ዓመት የተወለድን እኩያሞች ነን። ነገር ግን እኔ ሱሪዬ በየጊዜው የሚያጥርብኝ ረጅም ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ በክፍል ፎቶ ሁሉ ፊት ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ድንክዬ። እትዬ ዘነበች ወተት በላይ በላዩ ይግቷታል። እኔን ባዩኝ ቁጥር ደግሞ ከላይ እስከ ታች ይለኩኝና ወደ እናቴ ዞረው፣ «ይቺ ልጅ ምን ብታበያት ነው?» ይላሉ። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ታደሰ የትራክ ሾፌር ናቸው። ጭነት ይዘው ወደ አሜሪካ ይሻገራሉ፤ ድንበሩን እንዳለፉ ጫማ በርካሽ የሚሸጥበት ቦታ አለ። አንድ ቅዳሜ ለሂሩት የጃፓን የሩጫ ጫማ ሊገዙላት እንደሆነ አወጁ። ያን ጫማ የኔ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ነጭ ሆኖ ጎኑ ላይ የተጠላለፉ ሰማያዊ መስመሮች ያሉት። ጋሽ ታደሰ ሻጩ የነገራቸውን ታሪክ፣ ጃፓን ጎረቤታቸው የሆነች ያህል ነበር የሚያወሩልን።

«ይሄን ጫማ የሠራው ሰውዬ ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ነው የጀመረው» አሉን ሶፋው ላይ እግራቸውን ሰቅለው። «የልጆቹ ተስፋ መቁረጥ አሳዘነው። ስፖርት ይሥሩ፣ ጫማ ላብጅላቸው አለ። ግን ልጆቹ ሲሮጡ ያንሸራትታቸዋል። አንድ ቀን እራት ሲበላ ሳህኑ ላይ ያቺ ስምንት እግር ያላት የባሕር እንስሳ አለች፣ ኦክቶፐስ፤ እግሯ ሳህኑን ሙጭጭ ብሎ ይዞ አልላቀቅ አለው። በቃ! ሶሉን እንደሷ እግር ሠራው።»

«ይቺን ነው የሚበሉት?» አለች ሂሩት አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ።

«አንቺ ወተትሽን ጠጪ። ደግሞ ስሙ፤ ያ ባዶ እግሩን ሮጦ ዓለምን ጉድ ያሰኘው የኛ ሰው ጃፓን ሲሄድ፣ ይኸው ሰውዬ እግሩ ሥር ሄዶ እባክህ ጫማዬን አድርግልኝ ብሎ ለመነው ይባላል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሯጭም ቀናሁበት። እሱን ጫማ አድርግ ብለው ለመኑት። እኔን የሚለምነኝ ቀርቶ የሚጠይቀኝም አልነበረም።

ያኔ ወላጆቻችን ጫማ ሲያስልኩ ቁጥር አይናገሩም። እግር በክር ይለካል፤ ክሩ ይቆረጥና መንገደኛው ኪስ ይገባል። እትዬ ዘነበች ሂሩትን ምንጣፉ ላይ አቁመው፣ ተንበርክከው ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ ክሩን ዘረጉ። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ማንም ሳይነግረኝ አንዱን ካልሲዬን አውልቄ እግሬን ወደፊት ገፋ አድርጌ ቆምኩ። ተራዬ እስኪደርስ ነበር የምጠብቀው።

ጋሽ ታደሰ አዩኝ መሰል፣ «የማርታንስ አትለኩም?» አሉ።

እናቴ መቀሱን እንደያዘች ቀና ሳትል፣ «አላት፣ ይበቃታል» አለች።

የነበረኝ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ የተገዛ፣ ሶሉ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት የሸራ ጫማ ነው። ካልሲዬን መልሼ ለበስኩ። ምንጣፉ ያንን ባዶ እግሬን እንዴት እንደበላው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ጫማው መጣ። ካርቶኑ ሲከፈት የአዲስ ጎማና የስስ ወረቀት ሽታ ቤቱን ሞላው። ሂሩት አጠለቀችውና ሁለት እርምጃ ስትራመድ ተረከዟ ወጥቶ ቀረ። እትዬ ዘነበች ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቀጠቁ፤ አሁንም ወጣ። ሌላ ጥጥ፤ አሁንም። ያኔ ምርመራ ተጀመረ።

«እኔ ታድግበት ብዬ አንድ አውራ ጣት ጨምሬ ነው የለካሁት» አሉ እትዬ ዘነበች።

እናቴ አፏን ያዘች። «ውይ፣ እኔ እኮ ልኳን የለካሽ መስሎኝ ስቆርጠው አንድ አውራ ጣት ጨመርኩበት።»

ሁለቱም ወደ ጋሽ ታደሰ ዞሩ። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሴቶች ሁልጊዜ ታጠብባላችሁ ብዬ… ሱቁ ውስጥ እኔም አንድ አውራ ጣት ጨመርኩ።»

ተሳቀ። ጋሽ ታደሰ በሚቀጥለው ጉዞ ልመልሰው ሲሉ ግን እትዬ ዘነበች ሳቃቸውን አቆሙ። «አይመለስም። ታድግበታለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ካርቶኑን ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ለኔ የካርቶን ቀን ሆነ። አንድ ቀን ትልልቆቹ ሳሎን ሲያወሩ፣ ሂሩት በወንበር ተንጠላጥላ አወረደችውና «ሞክሪው» አለችኝ። አጠለቅሁት። እናንተዬ፣ በኔ ልክ የተሠራ ነበር። ሦስቱ አውራ ጣቶች ተደምረው የመጡት ቀጥ ብለው እኔ እግር ላይ ነው። ተረከዜን ያዝ፣ መሐሉን እቅፍ፣ ጣቶቼ ጋ ደግሞ ትንሽ አየር። ነጠር ነጠር ስል ወለሉ ራሱ ወደ ላይ የሚገፋኝ መሰለኝ።

ሂሩት ፊቷ ተለወጠ። «አውልቂው፤ የኔ ነው።»

«ለአንቺ አይሆንሽማ።»

«ቢሆንም የኔ ነው።»

በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥለው ፊቴን አዩ። አልተቆጡም፤ መቆጣት ይሻለኝ ነበር። «አውልቂ የኔ ልጅ፣ እግርሽ ያሰፋዋል» አሉኝ። ለሦስት አውራ ጣት ያልተጨነቁ ሴትዮ የኔ እግር እንዳያሰፋው ተጨነቁ።

በዚያው መኸር የስፖርት አስተማሪያችን ለትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን መረጠችኝ። ውድድሩ ሃይ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ከፊት የሚገቡት ልጆች ለከተማው ውድድር ያልፋሉ። እንግሊዝኛዬ ገና ተሰባሪ ስለነበር ክፍል ውስጥ ስሜን የሚያነሳ አልነበረም። ስሮጥ ግን «ማርታ! ማርታ!» ይሉኛል። ማለፍ የፈለግሁት ለዚያች ጥሪ ነው፣ ለሌላ አይደለም። አስተማሪዋ የሸራ ጫማዬን ገልብጣ አይታ፣ የረገፈው ቅጠል እርጥብ ስለሚሆን ሌላ ጫማ ፈልጊ አለችኝ። ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ ከልመና ሞትን የምትመርጥ ሰው ናት። ያን ምሽት ግን ስልኩን አነሳች፤ እኔ መታጠቢያ ቤት በር ጋ ቆሜ እሰማለሁ። «እትዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ብታውሺን… አጥቤ እመልሰዋለሁ።» ከዚያ ሰማች፣ ሰማች። «እሺ። እውነትሽን ነው። እሺ» አለችና ዘጋች። እኔን ስታየኝ ወደ ምድጃው ዞራ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች። እኔ ግን መድመቅ አልነበረም የፈለግሁት፤ አለመንሸራተት ነበር።

የውድድሩ ዕለት ዘነበ። እትዬ ዘነበችና ሂሩት ሊያዩኝ መጥተው፣ ከእናቴ ጋር በአንድ ጃንጥላ ተጠልለዋል። ከፊት ካሉት ጋር ነበርኩ፤ ስሜን እየሰማሁ ነበር። የመጨረሻውን ዳገት ጨርሼ ቁልቁል ስወርድ ሶሌ ቅጠሉ ላይ ሸሸ፤ በጉልበቴ ተንሸራትቼ ወረድኩ። ተነስቼ ጨረስኩ፤ ግን የሚያልፉት አልፈው ነበር። እትዬ ዘነበች በሻርፓቸው ጫፍ ጭቃውን ከጉልበቴ ጠረጉልኝ።

«በኔ ጫማ ቢሆን አትወድቂም ነበር» አለችኝ ሂሩት።

ያን ዕለት የጠላኋትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ዓመታት ነጎዱ። ሂሩት አደገች፤ እግሯ ግን ጫማው ጋ ሳይደርስ ሌላ ዓይነት ጫማ ፋሽን ሆነ። ካርቶኑ ተረሳ፤ ከኔ በቀር። ጋሽ ታደሰም እናቴም አረፉ። ባለፈው ጸደይ እትዬ ዘነበች ደረጃው አልወጣ ስላላቸው ቤቱን ሸጠው ወደ ኮንዶ ሊገቡ ሆነ፤ እኔና ሂሩት ዕቃ ልናሽግ ሄድን። ሂሩት ዛሬ ፋርማሲስት ናት፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከብርድ ልብሶች ሥር፣ ካርቶኑ ወጣ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማርቲ፣ ይሄን ሪሜምበር ታደርጊዋለሽ?»

አደርገዋለሁ አልኳት። ጥጡ እንኳ ጫፉ ላይ አለ።

«ፈርስት እኔ» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጥጡን አውጥታ እግሯን ከተተች። ከወለደች ወዲህ እግሯ ሰፍቷል፤ ልክክ አለላት። ተነስታ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። ሦስተኛው አራተኛው እርምጃ ላይ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ እየተፈረፈረ ወለሉ ላይ ቀረ። ያልተረገጠ ጫማ በተቀመጠበት ያረጃል ለካ።

ሂሩት ግድግዳ ተደግፋ በሳቅ ፈረሰች። እትዬ ዘነበች ወንበራቸው ላይ ሆነው ፍርፋሪውን አልነበረም የሚያዩት፤ የልጃቸውን ተረከዝ ነው። «ደረሰ አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። «አላልኳችሁም?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያኔ ላንቺ ብሰጥሽ ኖሮ፣ ይቺ ልጅ አታድግም ማለቴ ነበር፣ ማርታዬ። ሐኪሙ ቁመቷ ላይጨምር ይችላል ይለኛል፣ አንቺ ደግሞ በየሳምንቱ ረዝመሽ ትመጫለሽ። እናትሽን እኮ አላይሽ ብያት ነበር በልቤ።»

ለካ በዚያ ቤት ቀና ብሎ እያየ የሚቀና እኔ ብቻ አልነበርኩም።

የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም። ልጄ ጫማ በስልኳ ታዛለች፤ ካልሆናት በማግስቱ መልሳ ትልከዋለች፤ ለማደግ የሚተው ቦታ የሚባል ነገር የለም። እኔም ያንኑ የጃፓን ጫማ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ፣ በልኬ፣ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ዳር እራመድበታለሁ። ደህና ጫማ ነው። ግን እንደዚያኛው ነጠር አድርጎኝ አያውቅም፤ ሂሩት ያን ኮሪደር ስትሄድም፣ በዚያች በጥቂት እርምጃ እንኳ ቀናሁባት። ይኸው ጸጉሬ ሸብቶ።

«ማርቲ፣ ካልሲሽን ለምንድነው ያወለቅሽው?» አለች ሂሩት ያን ዕለት ሳቋን ስትጨርስ።

ቁልቁል አየሁ። አንድ እግሬ ባዶውን ምንጣፉ ላይ ነው፤ ካልሲዬ እጄ ላይ።

እትዬ ዘነበችም አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ካርቶን ካሰርንበት ሲባጎ ቁራጭ አነሱና፣ «ነይ፣ አምጪ እግርሽን» አሉኝ። መንበርከክ ስለማይችሉ እግሬን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሲባጎውን ከተረከዜ እስከ ጣቴ ዘረጉት፤ ሲጨርሱ አውራ ጣታቸውን አስቀምጠው ጨመሩበት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ከእንግዲህ አላድግም» አልኳቸው።

«ማን ያውቃል» አሉ።

ሂሩት የተፈረፈረውን ጫማ እንዳደረገች መጥታ በላያችን ቆመች። «የኔስ፣ ማሚ?» አለች፤ ድምፅዋ የዚያች የድንክዬዋ ልጅ ነበር።

እግሬን ከአክስቴ ጉልበት ሳላነሳ፣ «አንቺማ አለሽ፣ ይበቃሻል» አልኳት።