ክዳኑ ላይ «ቀላል» ይላል

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አፍንጫዬ» ነው የሚሏት። ዐሥራ አንድ ዓመት የሳሙና ሽቶ ስትለይ ኖራ፣ የሳሙናው ፋብሪካ ሲዘጋ እዚህ ገባች። እዚህ የሚሠራው የኒኮቲን ከረጢት ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ከላይኛው ከንፈር ሥር የምትወሸቅ ነጭ ነገር። ጭስ የላት፣ የሲጋራ ጠረን የላት፣ አባት ፊት ተቀምጠው ቢይዟት ማን ያውቃል?

የእሷ ሥራ ጣዕሙን መቀመም ነበር፤ ናናውን፣ ማጣፈጫውን፣ አፍ የሚያቀዘቅዘውን ዱቄት። የመጀመሪያው ናና መራራ ሆኖ ጉሮሮ ሲቧጥጥ፣ ኬሚስቱ እንኳ ግራ ሲገባው፣ «ማቀዝቀዣውን አስቀድሙ፣ ናናው ከኋላ ይግባ» ያለችው እሷ ናት። ተሞከረ፤ ማር ሆነ። ኬሚስቱ በሰው ፊት እጇን ጨበጣት። ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያን ቀን እግሯ መሬት ሳይነካ ነው ቤቷ የደረሰችው። ዛሬ ስታስበው ያንን እጇን ቆርጦ መጣል ያምራታል።

ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመቷ፣ ፀጉር ቤት ትሠራለች። አንድ እሑድ ከት ብላ ስትስቅ ድዷ ላይ ነጭ ነገር ታየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል እማ። ናናው ደስ ብሎኝ ነው እንጂ...»

ናናው! እናት ክው አለች።

ልጅቷ ልተወው ብላ ሞክራለች። ግን በሁለተኛው ቀን እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዝንብ ብታርፍባት ትቆጣለች። አንድ ቀን እንደዚያ ሆና የደንበኛ ጆሮ በፀጉር ካውያ አቃጠለች። የፀጉር ቤቱ ባለቤት «አንድ ጊዜ ብትደግሚኝ ዕቃሽን ይዘሽ ውልቅ» አለቻት።

እናት ግን ዘዴ አላት። ጡት ያስጣለች ሴት ይህን ማስጣል ያቅታታል? ፋብሪካው ክዳኑ ላይ «ቀላል» የሚል ሌላ የከረጢት ቆርቆሮ ያወጣል፤ የተጻፈበት የኒኮቲን መጠን ልጅቷ የምትይዘውን የከባዱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከባዱን ነጥቃ ቀላሉን በገዛ እጇ ሰጠቻት። «በዚህ አንድ ወር፤ ከዚያ በኋላ በባዶ አፍ» አለቻት።

ወሩ አለቀ። ልጅቷ ጭራሽ ባሰባት፤ በቀን ዐሥር የነበረው ዐሥራ አራት ገባ።

«ልብ የለሽም!» ብላ ጮኸችባት እናት። «ውሃ የሆነውን ሰጥቼሽ እንኳ አልተውሽም!»

«ውሃ? እስቲ አንቺ ያዢውና እይው! ገና ከንፈሬ ሥር ሳይቀመጥ አናቴን ነው የሚለኝ።»

«ውሸታም! ቁጥሩን እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ቁጥሩን ጉረሺው!»

ሦስት ቀን ተኮራረፉ።

በአራተኛው ቀን የሶዳ ክፍሏ ሠራተኛ ልትወልድ ወጣችና አፍንጫዬን በቦታዋ አስገቧት። ሶዳው፣ ከዳቦ ሶዳ የጠነከረ ነጭ ዱቄት፣ ከጣዕሙ ተለይቶ በዝግ ክፍል ስለሚጨመር እስከዚያ ቀን አይታው አታውቅም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከባዱ ላይ አንድ ማንኪያ። ቀላሉ ላይ ሦስት። ተሳስተው ነው ብላ ኬሚስቱን ጠራችው።

«ስሕተት የለውም» አለ፣ ጎበዝ ተማሪ እንደጠየቀችው መምህር ደስ እያለው። «ሶዳው ለኒኮቲኑ በር ከፋች ነው። ያለሱ አብዛኛው አፍ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሶዳ ሲያገኝ ግን ድዱን አልፎ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። ትንሹም እንደ ትልቁ ይመታል።»

«ታዲያ ክዳኑ ላይ ቀላል የሚለው?»

«ቁጥሩ እኮ ትክክል ነው አፍንጫዬ። አልዋሸንም።»

«ሶዳውስ የት ተጽፏል?»

«ማን ያነባል ብለሽ ነው?» ሳቀ። «ደግሞ ያንቺ ጥበብ አለበት። ሶዳ ያቃጥላል። ናናሽ ባይሸፍነው አንዷን የቀመሰ ሁለተኛ አይነካትም ነበር።»

ሥራ ሥራ ስትል ቤቷ ሲጎድል ጎረቤቶቿ «የእሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይሏት ነበር። አሁን ግን የባሰ መጣ፤ ለካ የሚያርረውም የምታማስለውም አንድ ድስት ኖሯል።

«እርስዎ የትኛውን ነው የሚይዙት?» አለችው።

«እኔ? እኔማ አፌ አላስገባውም።»

ለቀላሉ ከተዘጋጀው፣ ሶዳው ገብቶ ገና ጣዕም ካልገባበት ዱቄት ሁለት ከረጢት ሞላች። ናና የለው፣ ማጣፈጫ የለው። አንዷን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንካ፣ ቅመስ።» ስድስት ዓመት «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«የሠራኸውን ቅመስ! ልጄ በቀን ዐሥራ አራት ጊዜ ትቀምሰው የለ?»

ፍም እንደያዘ ሰው እጁን አራገፈ። ከረጢቷ ወለሉ ላይ ወደቀች። እሷም ሽርጧን ፈትታ እግሩ ሥር ጣለችለትና ሁለተኛዋን ከረጢት ጨብጣ ወጣች።

ልጅቷን ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ያዢ» አለቻት። «ያው ያንቺው ነው። ልብሱን አውልቄው ነው።»

ልጅቷ ከንፈሯ ሥር ከተተችው። ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እንትፍ አለችው።

«መርዝ ነው! ምን ጨምረሽበት ነው?»

«ምንም። የጨመርኩትን አንስቼ ነው።» ከዚያ የሦስቱን ማንኪያ ነገር ነገረቻት። «አልዋሸሽኝም ነበር። እኔ ነኝ ደንቆሮዋ።»

ልጅቷ ቆርቆሮውን ከኪሷ አውጥታ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ነጫጮቹ ከረጢቶች ተበተኑ። ሆዷ ባብቶ ማልቀስ ጀመረች። እናት ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ግን ወደ ኋላ ሸሸች።

«እጅሽን አርቂልኝ እማ... ናና ናና ይላል። አፌ ውሃ ሞላ።»

እናት እጇን አየችው። ቧንቧው ጋ ሄዳ በሳሙና አጠበችው። በአሸዋ እስኪቀላ ፈተገችው። አሸተተችው፤ ናናው አሁንም አለ።

«ነገ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን!» ብላ ከቧንቧው ሥር ጮኸች።

«እሺ» አለች ልጅቷ ከሩቅ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና።

እናት እንደገና አሸዋ ዘገነች።