ቢተው የአፀደን ሳር የገመተ ዕለት

ገርጂ ያኔ ከተማ አልነበረም። ፎቅ የለ፣ አስፋልት የለ፤ ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላያቸው እያጓራ ሲያልፍ ላሞቹ እንኳ ለምደውት ቀና አይሉም ነበር። በዚያ አገር ሳር በቁሙ ሲሸጥ የሚጠራው ቢተው ነው። ባለሜዳው አያጭድም፤ ዋጋው ሜዳው ላይ ይቆረጥና ገዢው ራሱ አጭዶ ይወስዳል። ታዲያ ያልታጨደ ሳር አይመዘን፣ አይሰፈር፣ ዓይን ይፈልጋል። ቢተው ደግሞ ዓይን ነበረው! ዳር ዳሩን ይዞራል፣ መሀሉን በዱላው ገለጥ እያደረገ ሥሩን ያያል፣ ላም የምትወደው ማገጥ የበዛበትንና ሙጃ የወረረውን ይለያል፤ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። አንድ ጊዜ ብቻ። እሱ ከተናገረ ወዲያ መከራከር ነውር ነው፤ ገዢው ወይ “ይሁን” ይላል፣ ወይ “ይቅር” ብሎ ያለ ቅያሜ መንገዱን ይቀጥላል። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር እንኳ፣ ያ በሁሉ ነገር ካልገባሁ ባይ፣ ቢተው ዋጋ ከጠራ ዝም ነበር።

ሰውየው ታማኝ ነበር፣ ይህን ማንም አይክደውም። ግን ታማኝ ሰው አይቀናም ያለው ማነው?

ቢተው ሚስቱ ሞታ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ ሃምሳን የዘለለ ሰው ነው። ጎረቤቱ አፀደ ገና ወጣት ሳለች ባሏ በሚሊሺያነት ወደ ሶማሌ ጦርነት ዘምቶ በዚያው ቀረ። የተረፋት ማህበሩ የደለደለላት ማሳ፣ ወንዝ ዳር ያለው ሜዳዋና አንድ በሬ ብቻ ነው። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ቢተውም ያለው አንድ በሬ ስለነበር ተቀናጁ፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ አንድ ቀን የሱን፣ አንድ ቀን የሷን ያርሳል። ሦስት ክረምት እንዲህ አለፈ። እሱም በሆዱ “በሬዎቻችን አንድ ቀንበር ከገቡ እኛንስ ምን ያግደናል?” እያለ፣ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ከረመ። በሆዱ ነው ታዲያ! ከአፉ አንዲት ቃል አልወጣችም። ሴትየዋ ጠንቋይ አይደለች፣ ከምን አውቃ?

ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ አፀደ ደጁ መጣች።

“ጋሼ፣ ሳሬን በቁሙ ልሸጠው ነው። የኮተቤው ደቻሳ እፈልጋለሁ ብሏል። ነገ መጥተው ይገምቱልኝ።”

ደቻሳ ላሞች አሉት፤ ወተት በብስክሌት ጭኖ ቦሌ ላሉ ትልልቅ ቤቶች ያደርሳል። ጎልማሳ ነው። ሚስት የለውም። ቢተው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረው በዚህችው በመጨረሻዋ ነገር ነው።

በማግስቱ ደቻሳ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ መጣ። ‘ሳር ሊገዛ ነው ወይስ ሊሞሸር?’ አለ ቢተው በልቡ። ለምስክርነት የተጠራችው ጎረቤታቸው ምንትዋብ ከአፀደ ጋር ቆማለች። ቢተው ዱላውን ይዞ ሜዳው ውስጥ ገባ። ገና ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ከኋላው ሳቅ ሰማ። ደቻሳ ምን እንዳላት እግዜር ይወቅ፣ አፀደ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከት ከት ብላ ትስቃለች። አብረው ያን ያህል ዘመን ሲያርሱ ቢተው እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቶ አያውቅም።

እንደምንም ሥራውን ቀጠለ። ከላይ በኩል ማገጡ ግጥም ብሏል፤ ከታች ውሃ የተኛበት ቦታ ግን ቄጤማ ነው። ‘መቶ ሠላሳ ብር’ አለው ዓይኑ። ዓይኑ ዋሽቶት አያውቅም። ዋጋውን ሊጠራ ቀና ሲል ግን ደቻሳ ጎንበስ ብሎ ከአፀደ ነጠላ ጠርዝ ላይ ጭጎጎት ይለቅምላታል። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ! እሷም ቆማ ታስለቅማለች።

“ሦስት መቶ ብር!” አለ ቢተው።

“ኧረ በስመ አብ!” አለች ምንትዋብ። በሦስት መቶ ብር እኮ ደህና በሬ ይገዛል።

የቢተው ሐሳብ ግልጽ ነው። ደቻሳ ደንግጦ “ይቅር” ይላል፣ ብስክሌቱ ላይ ይወጣል፣ ዳግመኛም በዚህ አያልፍም። ለሳሩ ሌላ ገዢ ይፈለግለታል፤ ለአፀደ ግን ሌላ ሰው አይመጣባትም። ደቻሳ ሳር የማያውቅ ሰው አይደለም። ሜዳውን አየ፣ ቢተውን አየ፣ ከዚያ አፀደን ረዘም አድርጎ አየ። ቢተው ‘በል እንጂ፣ ይቅር በላ!’ ይላል በሆዱ።

“ይሁን” አለ ደቻሳ። “ጋሽ ቢተው ካሉ አሉ ነው። ስምንት ቀን ብቻ ታገሡኝ።”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ተሳስቻለሁ እንዳይል፣ ቢተው ተሳስቶ አያውቅም። ዱላውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ምንትዋብ እየሮጠች መጣች።

“ሰማህ ቢተው? ደቻሳ ያረገዘች ጊደሩን ሸጦ ከፈለ! ለሳር ብሎ ጊደር የሚሸጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ? አፀደን ‘ይሄ ሰውዬ የገዛው ሳሩን አይደለም’ ብላት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እስከ ዛሬ ተጫዋች ወተት ሻጭ ነው ብላ ልብም አላለችው። አንተ ዋጋውን ባትሰቅለው ኖሮ የሰውየው ልብ በምን ይታወቅ ነበር?”

“ሥራ አለብኝ” አለ ቢተው፣ ምንም ሥራ ሳይኖረው።

ኅዳር ላይ አፀደ አንድ ቀይ በሬ እየነዳች በደጁ ስታልፍ ቆም አለች። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ብድግ አደረጋት።

“እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። በሬ በሳሩ ገንዘብ ገዛሁ። ከእንግዲህ በእርሻ አላስቸግርዎትም።”

“አላስቸገርሽኝም” አለ። የሱ በሬ ከበረቱ በር ብቻውን ቆሞ ያመነዥካል። ለከርሞ ከማን ጋር ሊቀናጅ ነው?

አፀደ አልሄደችም። የበሬውን ገመድ እጇ ላይ እየጠቀለለች አንገቷን ደፋች።

“ሌላም ነገር ነበረኝ። እሁድ የደቻሳ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አባት እንደሌለኝ ያውቃሉ። ሳሬን ለእኔ አዝነው ከፍ እንዳደረጉልኝ ገብቶኛል፤ ደቻሳም ገብቶታል፣ አልተቀየመም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደ እርስዎ ያሰበልኝ የለም። በአባቴ ቦታ ይቀመጡልኝ።”

አዝኜልሽ አይደለም፣ ቅናት አቃጥሎኝ ነው ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች፤ እንዲህ በእምነት አይታው አታውቅም።

“እሺ ልጄ” አላት።

እስከዚያች ቀን ድረስ ልጄ ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር።