የፈላው አፈር

አፈሩን ሳላፈላ አፈላሁ ብለሃል ተብዬ፣ በሰው ፊት ውሸታም ተብዬ ከሥራ ተባረርኩ። አፍልቼ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ግን እጽፈዋለሁ። ያኔ ስባረር ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር፤ አሁን እችላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ካዛንቺስ ሄጄ ነበር። ካዛንቺስ ስል የድሮውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ፈርሷል። የማውቃቸው የቆርቆሮ አጥሮች፣ በረንዳ ያላቸው አሮጌ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶቹ የሉም። መንገዱ ሰፍቷል፤ ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱ ልጆች ቀይ አፈር ከጆንያ እያራገፉ አበባ ይተክላሉ። ጠዋት ካፊያ ጥሎ ስለነበር አፈሩ ሸተተኝ። ቆምኩ።

«ፋዘር፣ እዚህ ጋ አይቆምም። በቃ በዛኛው ይለፉ» አለኝ አንዱ።

«አፈሩን ከየት ነው ያመጣችሁት?»

ጓደኛውን አየና ሳቀ። «አፈር አፈር ነው ፋዘር።»

አይደለም። ግን ምን ብዬ ላስረዳው? በዛኛው በኩል አለፍኩ።

ያደግኩት ቂርቆስ ነው። አባቴ ተሸካሚ ነበር፤ እሱ ሲሞት ትምህርት የሚባለው ነገር ለእኔ ሳይጀመር አለቀ። ጎረምሳ ሆኜ የቀን ሥራ ስለቃቅም፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ካዛንቺስ ውስጥ በምታጸዳበት የእርሻ ምርምር ግቢ ሥራ አስገባችኝ። አስካለ ትክክለኛ ስሟ አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው የቀየርኩት። ጠዋት ጠዋት እሷ ኪዳን አድርሳ ስትወጣ ከሰፈራችን ደብር በር ላይ እጠብቃታለሁ፤ በመሿለኪያ አድርገን፣ በእስጢፋኖስ በኩል ዳገቱን እንወጣለን። ክረምት ከሆነ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች አሉ፤ አንዱን ለሁለት ሰብረን እየበላን እንሄዳለን። እሷ ስታወራ አትጠግብም፤ እኔ ስሰማ አልሰለችም ነበር። ጥሩ ጊዜ ነበር ለማለት ምላሴ አይታዘዝልኝም እንጂ፣ ጥሩ ጊዜ ነበር።

የተመደብኩት ከዶክተር በላቸው ጋር ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ በጽሑፍ ግን አልለውም። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ቀጭን፣ ለሳቅ የማይቸኩል ሰው ነበር። የሚመራመረው በደከመ አፈር ላይ ነው። ከምዕራብ በኩል በጆንያ የመጣ ቀይ አፈር ነበረው፤ ገበሬው ማዳበሪያ ቢጨምርበት እንኳ አፈሩ ራሱ ይይዘዋል እንጂ ለሰብሉ አይለቅም ይል ነበር። መድኃኒት ይሆናል ያለው ደግሞ ሥር ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው።

«ሻጋታ ሁሉ ጠላት አይደለም» አለኝ አንድ ቀን፣ በመዳፉ አፈር ይዞ። «ይሄኛው ከሥሩ ጋር የሚኖር ነው። ተክሉ ስኳር ይሰጠዋል፤ እሱ ደግሞ ከፀጉር በቀጠነ ክሩ ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ምግብ ያመጣለታል። ገባህ?»

«እንደ ባልና ሚስት ነዋ» አልኩ።

«ከባልና ሚስት ይሻላሉ» አለ። ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ማሽላ በጣሳ ይዘራል። ቀይ የተቀባው ጣሳ ውስጥ ዶክተሩ ከውጭ ያስመጣው ፈንገስ ይገባል፤ ነጭ የተቀባው ውስጥ አይገባም። ከዚያ የሁለቱ እድገት ይነጻጸራል። ቀለሙን የቀባው ለእኔ ሲል ነው፤ ማንበብ አልችልማ። ታዲያ ንጽጽሩ ትክክል እንዲሆን አፈሩ ውስጥ በፊት የነበረው ሕይወት ሁሉ መሞት አለበት። የሚገድለው እኔ ነኝ። ግማሽ በርሜል ውሃ እሳት ላይ እጥዳለሁ፣ ወንፊት የመሰለ ብረት ጣል አደርግበታለሁ፣ አፈሩን በጆንያ አስቀምጬ እከድነዋለሁ፤ እንፋሎቱ ያበስለዋል። አሳድሬ በማግስቱ እደግመዋለሁ። መብሰሉን የማውቅበት ዘዴ ያሳየኝ ከእኔ በፊት የነበረው ሽማግሌ ነው፦ አፈሩ መካከል ድንች ትቀብራለህ። ድንቹ ሲበስል አፈሩም በስሏል።

ድንቹንማ እንበላዋለን። እኔና እትዬ አስካለ ከበርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ ብለን፣ ልጣጩን በጥፍራችን ገፈን፣ በጨውና በሚጥሚጣ። የቀይ አፈር ሽታ ያለበት ትኩስ ድንች ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆቴል በልቻለሁ፤ እንዲያ ያለ ግን አላገኘሁም።

ሐምሌ ሲገባ ቀዮቹ ተመዘዙ። ነጮቹ ቅጠላቸው ወደ ሐምራዊ ሄዶ፣ ጫጭተው ቀሩ። ዶክተሩ ደስ አለው፤ የፈለገው ይህንን ነው። እትዬ አስካለ ግን የመስታወት ቤቱን ወለል በጠረገች ቁጥር ነጮቹ ጋ ስትደርስ ትቆማለች።

«እነዚህ ምስኪኖች ምን በደሉ?» ትለኛለች።

«ተይ እትዬ፣ ለጥናት ነው።»

«ጥናት ማለት ማስራብ ነው እንዴ?»

እስቃለሁ። በነሐሴ አጋማሽ ግን ሳቁ ቀረ። ነጮቹ መለምለም ጀመሩ። በመጀመሪያ ጥቂቶቹ፣ ከዚያ ሌሎቹ። አንዳንዶቹ ቀዮቹን አልፈው ሄዱ። ዶክተሩ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው መሰለ። ነቅሎ ሥራቸውን አጠበ፣ ቀለም ነከረ፣ በማይክሮስኮፕ አየ። ሁለት ቀን ማንንም አላናገረም። በሦስተኛው ቀን፣ በሻይ ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ በረንዳው ላይ ተሰብስቦ ሳለ ጠራኝ።

«ነጮቹ ውስጥ ፈንገስ አለ» አለኝ። «የፈላ አፈር ውስጥ ከየት መጣ?»

«አፍልቼዋለሁ ዶክተር።»

«ከፈላ ይሞታል። አልሞተም። ስለዚህ አልፈላም።»

እንዲህ ሲባል ምን ይመለሳል? ዛሬም ሳስበው አነጋገሩ መስመሩን ይዟል። መስመሩን የያዘ ነገር ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

«ድንቹ በስሎ ነበር» አልኩ።

«ድንቹ የታለ?»

«በላነው።»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። እሱ አልሳቀም። «ከማን ጋር?» አለ።

እትዬ አስካለን አየኋት። ጨርቋን ባልዲው ውስጥ እየነከረች፣ እየጨመቀች፣ ደግማ እየነከረች ነበር። ቀና አላለችም።

«በላሁት» አልኩ።

«ክረምት ነው፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ እሳቱ እንቢ ሲልህ ትተኸው ሄደሃል። ይህን ብትነግረኝ ምንም አልልህም ነበር። መዋሸትህ ነው የሚያናድደኝ።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ጥፋቱስ የኔ ነው። ሳይንስን መሃይም እጅ ላይ ጣልኩት።»

ጣሳዎቹን ሁሉ አስደፋ። እኔንም አብሮ።

ወሬ ደግሞ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። ሰፈር ስደርስ «አፈር ማፍላት ያቃተው» ተብዬ ነበር። ለምስክርነት በተጠራሁ ቁጥር ሰው ሁሉ «እሱማ ይዋሻል» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር፤ አንዳንዱም ብሏል። ልስን ሠራተኛ ሆንኩ፤ አሸዋና ሲሚንቶ አይጠይቁህም። እትዬ አስካለን ሰላም ማለት ተውኩ። አንድ ቧንቧ ውሃ እየቀዳን፣ አንድ እድር እየከፈልን፣ ልጆቿን ስትድር ድንኳን እየተከልኩ፣ እሷን ቀና ብዬ ሳላይ ጎልምሼ አረጀሁ።

ትዳር ከያዝኩ በኋላ የማታ ትምህርት ገባሁ። ከልጆች ጋር ሀ ሁ አልኩ። አንዳንድ ሰው «እሱ ባይሰድብህ ኖሮ አትማርም ነበር፣ ልታመሰግነው ይገባል» ይለኛል። ይህ የጅል ንግግር ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ስለሞቀው አያመሰግንም።

ማንበብ ስችል መጀመሪያ የፈለግኩት ስለዚያ ፈንገስ ነው። ለእርሻ ሠራተኞች የተጻፈ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ቃል በቃል እየቆጠርኩ አነበብኩት። አፈሩ ቢፈላም በኋላ ሕያው አፈር ቁንጥር ታህል ከገባበት ፈንገሱ ሥር ያገኛል፣ ይራባል ይላል። ስለዚህ ከሆነ ቦታ ገብቷል። ከየት? ይህ ጥያቄ ስንት ዓመት አብሮኝ እንደተኛ እኔ ነኝ የማውቀው።

አምና መስከረም ውስጥ እትዬ አስካለ አልጋ ያዘች። ልጇ መጥታ «እማዬ ትፈልግሃለች» አለችኝ። አልሄድም አልኩ። ባለቤቴ ነጠላዬን አምጥታ እላዬ ላይ ጣለችና «ተነሣ፣ የሚሞት ሰው አይለመንም» አለችኝ። ሄድኩ።

አንሳለች። የቀረችው ዓይን ብቻ ናት።

«ደምሴ፣ ነጮቹን ታስታውሳቸዋለህ?»

«ምን ነጮች?»

«ማሽላዎቹን። አንጀቴን በሉኝ። ከደብሩ ወይራ ሥር ያለውን አፈር ታውቀዋለህ፣ ለታመመ ልጅ የምንቀባውን። ኪዳን ሳደርስ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እያመጣሁ ከሥራቸው ቁንጥር ቁንጥር አደረግኩላቸው።»

 ያ ትንሽ መጽሐፍ ትዝ አለኝ።

«ስለት ሲነገር በረከቱ ይሄዳል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሲለመልሙ ሰማኝ አልኩ። አንተን ያባረረህ ዕለት ግን ፈራሁ። አባት የሌላቸው አራት ልጆች ነበሩብኝ። ድንቹን በልቻለሁ፣ በስሎ ነበር ማለት አቃተኝ። ንስሐ አባቴ ለእኔ መንገርሽ አይበቃም፣ ለተበደለው ንገሪ አሉኝ።»

የሠራችው ምን እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት አልገባትም ነበር። ጥፋቴ ዝምታዬ ነው ብላ ነው የምታለቅሰው። ስለዚህ ነገርኳት። ያ አፈር በፈንገስ የተሞላ ነበር፣ ያለመለማቸውም እሱ ነው አልኳት። ልጎዳት ፈልጌ እንደሆነ አላውቅም።

 «ታዲያ ጸሎቴን አልሰማኝም ነበር?» አለችኝ።

«ሰምቶሻል» አልኳት።

ዶክተር በላቸውን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ጡረታ ወጥቶ ኦሎምፒያ አካባቢ ይኖራል። ካፌ ተቀጣጠርን። ከዘራ ይዟል፤ ማኪያቶ አዘዘ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ስጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ከየትኛው ዛፍ ሥር?»

እኔ ስሜ ጠፍቶ ኖሬያለሁ፣ እሱ የዛፍ ዓይነት ይጠይቀኛል! «ከወይራ» አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

ስኒውን አስቀመጠ። «አንዳንዶቹ ነጮች ከቀዮቹ በልጠው ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ያ የአገሩ ፈንገስ ነው። እኔ ከውጭ ያስመጣሁትን ስሞክር የተሻለው እጄ ላይ ነበር። ደፋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኩትን ደፋሁት።» ዓይኑ ቀላ። ማዘን ነበረብኝ፤ አላዘንኩም።

«በሰው ፊት ነው ያባረሩኝ» አልኩት። «በሰው ፊት ይናገሩልኝ።»

«የትኛው ሰው ደምሴ? ግቢው የለም። ግማሾቹ ሞተዋል።»

«ያሉት ይበቃሉ።»

እትዬ አስካለ ኅዳር ላይ አረፈች። በሠልስቷ የድሮ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የቀሩት ማለቴ ነው፣ ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ዶክተሩም መጣ። በሩ ላይ ስቀበለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስሟን ላንሣ?» አለኝ።

ተጠያቂዋን ማወቅ የሚገባቸው ሰዎች እዚያው ነበሩ። ልጆቿም እዚያው ነበሩ፤ ዓይናቸው አብጦ ንፍሮ ያዞራሉ።

«አይነሣ» አልኩት።

ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን አስቀመጡ። «ብዙ ዓመት አልፎታል» አለ። «እዚህ ያለውን ደምሴን ውሸታም ብዬ፣ መሃይም ብዬ ከሥራ አባርሬው ነበር። አፈሩን አፍልቶት ነበር። ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደምሴ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት ይቅር በለኝ።»

የድሮዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከኋላዬ ባለሱቁ ጎረቤቴ ከድር አጠገቡ ያለውን ሰው «ምን አሉ?» ሲለው ሰማሁ።

«አፈር አፍልቶ ነበር አሉ።»

«አፈር ይፈላል እንዴ?»

«እኔ እንጃ፤ አርጅተዋል መሰለኝ።»

ይህ ነው እንግዲህ የጠበቅኩት ቀን። ገሚሱ የሰማው አልገባውም፤ የገባው ደግሞ ከዓመት በላይ ላይኖር ይችላል። ይቅር ብያለሁ? ብያለሁ። ሰው በድንኳን ውስጥ ቆሞ ሲለምንህ እንቢ አይባልም። ልቤ ሞላ? አልሞላም። የጠፋ ስም እንደ ተሰረቀ ከብት ነው፤ ቢመለስም አርጅቶ ነው የሚመለሰው። እኔ ግን ዛሬ ከሰው ጋር ስከራከር ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ ለውጡ ይህች ብቻ ናት፣ ትንሽ አይደለችም።

ያን ዕለት ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ተውኩት። ከልጇ እጅ ሳህኑን ተቀብዬ፣ ለሽማግሌው ዶክተር በሁለት መዳፉ ሙሉ ንፍሮ ዘገንኩለት፤ አጠገቡም ተቀመጥኩ። ነገሩ ያኔ አለቀ፤ አምና፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት።