የገሃድ ጾም ጠላቂ

ጎንደር ባሕር የላትም ብሎ የሚያዝን ሰው ካለ ቀሃ ወንዝን ጠልቆ አያውቅም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ፣ እኔ ከተማዋን የማውቃት በውሃዋ ነበር። መገጭ ሰፊ ነው፤ ግን ጭቃው እግር ይይዛል። ከዚያ የወጣሁ ዕለት አዲስ ጫማ የገዛሁ መስሏቸው ሰዎች እንኳን ደስ አለህ ብለውኛል። አንገረብ ጥሩ ነው፤ ግን ጥርሴ ሲንገጫገጭ የማዶ ውሾች ይጮሁብኝ ነበር። ኮሶዬ በኩል አንድ ምንጭ ውስጥ ገብቼ ስወጣ፣ ድምፄ ተከትሎኝ የወጣው በሳምንቱ ነው።

ሸጋው ቦታ ከፋሲል መዋኛ ዝቅ ብሎ፣ ቀሃ ቋጥኝ ሥር ዞሮ የሚተኛበት ኩሬ ነበር። የታችኛው መሬት ላይ ገመድ አይደርስም እያልሁ አወራ ነበር። ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የላይኛው ፀጉሩን አያርስም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ያን ጊዜ የምሠራው አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው። ሲሲሊ የምትባል ደሴት ተወላጅ ነው። ሠራዊቱ ሲወጣ እሱ ጎንደሬ ሚስቱንና መፍቻዎቹን ይዞ ቀረ። ካሚዮን ሥር ተጋድሞ ስለ ደሴቱ ይነግረኛል፤ የት ጋ ዓለቱ ሥር ዋሻ እንዳለ፣ የት ጋ ውሃው እንደ ብርጭቆ እንደሚጠራ፣ የት ጋ ጠልቀው የሰጠመ መርከብ እንደሚነኩ።

"የናንተ ውሃ እግር መታጠቢያ ነው" ይለኛል።

"ሲኞር፣ የቀሃ ዓሣ እኮ የናንተን መርከብ ቁርስ ያደርገዋል።"

"ታዲያ ምነው ገበያ አይወጣ?"

"የሚሸከመው ካሚዮን ሲጠፋ!"

እንዲህ ስንባባል ከርመን፣ አንድ ቀን ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክና ከተሰበረ የማኪና መስኮት ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን መነጽር ሠራልኝ። ማሳሰቢያው አንድ ብቻ ነበር፤ ከመግባትህ በፊት መስታወቱን ምራቅ ቀባው፣ አለዚያ ጉም ይይዘዋል።

የጥምቀት ዋዜማ ደረሰ። በጠዋት ከተማው በሙሉ ነጭ ልብሱን ይዞ ቀሃ ወረደ። እንዶዱ ሲወቀጥ፣ ሸማው ሲረገጥ፣ ወንዙ እንደ ጠላ ጋን ገነፈለ። እኔም ሸሚዜን እያጠብሁ ነው። ከበላዬ ቋጥኙ ላይ የደብራችን ቄሰ ገበዝ ጥምጣማቸውን ያጥባሉ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ ቁልፉም ከወገባቸው አይለይም። ቁልፍ ስል ቁልፍ እንዳይመስላችሁ፤ በሬ ይጠመድበታል። ጎንበስ ሲሉ የታሰረበት ጠፍር ተበጠሰና ያ ብረት ከኩሬው ገባ።

"ወየው!" አሉ።

ካባው፣ ጥላው፣ መስቀሉ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ቤት ነው። ታቦቱ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ሁለተኛው ቁልፍ በጣሊያን ጊዜ ጠፍቷል። አንዱ በሩን በመጥረቢያ እንስበረው ቢል ቄሰ ገበዙ እርጥብ ጥምጣማቸውን አነሡበት።

"በከተራ ዕለት የቤተ ክርስቲያን በር ከሚሰበር እኔ ልሰበር!"

ዋናተኛ ጠፍቶ አይደለም። ግን ዕለቱ ገሃድ ነው፤ እስከ ማታ ውሃ እንኳ ጉሮሮ አይነካም። ጠልቆ የማይጠጣ ደግሞ የለም። ጎረምሳው ሁሉ ከውሃው ራቅ ብሎ ቆመ። እሳቸውም ግቡልኝ አላሉም።

"ማንም በኔ ቁልፍ ጾሙን አይሻር። በላይ ቤት የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

እኔ ጋራዥ ሮጥሁ። መነጽሬን ይዤ ስመለስ ጣሊያኑም ሽርጡን እንደታጠቀ ተከተለኝ። ካጣቢዎቹ አንዷ፣ አፈ ስለት የሆነች የሰፈራችን ሴት፣ ስታየው፣

"ይኸውላችሁ! እሱ ምን ጾም አለበት? እሱ ይግባ!" አለች።

"የዕቃ ቤት ቁልፍ ፈረንጅ አይነካውም" አሉ ቄሰ ገበዙ።

"እኔም ብገባ አልሰጥምም" አለ ጣሊያኑ፣ ሆዱን መታ መታ እያደረገ።

"አባቴ፣ ዓይኔንና አፍንጫዬን ይሄ ይሸፍነዋል" አልሁ። "የቀረው አፌ ነው፤ እሱን እዘጋዋለሁ።"

"ያንተ አፍ? መቼ ተዘግቶ ያውቅና!" አለች ሴትዮዋ። ያጣቢው ሳቅ ማዶ ተሰማ።

ቄሰ ገበዙ ግን አልሳቁም። ከጥምጣማቸው ጫፍ ቀደድ አድርገው አፌን በእጃቸው አሰሩት። ጎንደር ያን ቀን የምታስታውሰው እኔ ዝም ያልሁበት ቀን ብላ ነው።

ልገባ ስል ጣሊያኑ ጮኸ። "ምራቅ! መስታወቱ ምራቅ!"

አፌ ታስሯል። ጣሊያኑ ራሱ ሊተፋበት ሲያጎነብስ ቄሰ ገበዙ መነጽሩን ነጠቁት።

"ምርቃት ከሆነ የኔ ነው" አሉና "እንትፍ፣ እንትፍ፤ በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ" ብለው መስታወቱን መረቁት። ጣሊያኑ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ደሴቱ ላይ ይህን ያህል የሚያውቅ ጠላቂ አላየሁም ብሏል ኋላ።

ገባሁ። ከላይ አረፋ፣ ከሥር ግራጫ ጨለማ። መጀመሪያ ያገኘሁት የገንቦ ስባሪና የወታደር ቦት ጫማ ነው። ወጥቼ መነጽሬን ገለጥ አድርጌ ባፍንጫዬ ተንፍሼ ተመለስሁ። ቋጥኙ ሥር ስዳብስ ብረቱን ጨበጥሁ። ያኔ ነው ዓሣው የመጣው። ያ መርከብ የሚበላው ዓሣ። ትንሿ ጣቴን ያክላል። መስታወቴን ተጠግቶ ትክ ብሎ አየኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ እስሩ ተንሸራተተ፣ ቀሃም ከነእንዶዱ ገባ።

ስወጣ ቁልፉን ከፍ አድርጌ ያዝሁ። ቄሰ ገበዙ አላዩትም፤ የሚያዩት አፌ ላይ ያለውን አረፋ ነው።

"ልጄ፣ ጠጣህ ወይ?"

ውሸት ለኔ የእለት እንጀራዬ ነበር። እንደዚያ ሲያዩኝ ግን እሱም ጠፋብኝ።

"ጥቂት፣ አባቴ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቁልፉን ብዘረጋላቸው አልተቀበሉም። ካባውም ጥላውም ከልባቸው የወጣ ይመስላል።

እንዶድ ደግሞ ሆድ ውስጥ መቀመጥ አይወድም። ወዲያው ያዘኝ። ቀሃ የሰጠኝን ሁሉ መለስሁለት፤ ሌላ ወንዝ የሚሞላ ጨመርሁለት። ሰዉ ፊቱን ሲያዞር እሳቸው ብቻ ተጠግተው እስከ መጨረሻው ተከታተሉ።

"ሁሉም ወጣ?"

"የእናቴ ጡት ሳይቀር ወጥቷል።"

"እንግዲያ የገባ የለም" አሉ። ተነሡ፣ ቁልፉን አጥበው ሳሙትና በእጃቸው ጨብጠው ወደ ደብሩ ገሰገሱ።

ከሰዓት በኋላ ታቦቱ በሰዓቱ ወጣ። ካባው ነበረ፣ ጥላው ነበረ። ቄሰ ገበዙ ጫፉ የተቀደደ እርጥብ ጥምጣም ጠምጥመው አለፉ፤ ቁልፉ በሁለት ጠፍር ታስሯል። የኔ ዓይን ከማስመለሱ የተነሣ ቀልቶ ያነባል። አንዲት ባልቴት አይተውኝ "እንዴት ያለ መንፈሳዊ ልጅ ነው!" አሉ። አላረምኋቸውም።

ጣሊያኑ አጠገቤ ቆሟል። "ዓሣውን አየኸው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አየሁት።"

"መርከብ ይበላል?"

"ዛሬ ገሃድ አይደል ሲኞር፤ አፉን አልከፈተም።"