ያልታጠበ እንቁላል

ዴያኒራ ከቻግሬስ ወንዝ ዳር ባለ የምርምር ጣቢያ አሥራ ሰባት ዓመት ጥንዚዛ አርብታለች። በወረቀት ላይ ሥራዋ «ቅጠል መለወጥ» ይባላል። እሷ ግን እያንዳንዷ እናት ጥንዚዛ እንቁላሏን ስትጥል አናቱ ላይ ምን እንደምትደፋበት ታውቃለች። ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰች ቆብ ናት፤ ውስጧ ባክቴሪያ አለ። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል፣ እጩ፣ ሲፈለፈል ቆቧን ወግቶ ይመጥጣታል። ያንን ካላገኘ ቅጠል ቢበላም ሆዱ አይፈጭለትም።

አዲሱ ኃላፊ ዶክተር ሪካውርቴ በገባ በሳምንቱ እንቁላሎቹ ላይ ሻጋታ አየና «በሙሉ ይታጠቡ!» አለ።

«ዶክተር፣ እባክዎ ይተዉት። ያ ቆሻሻ አይደለም፣ እናትየዋ የቋጠረችላቸው ስንቅ ነው።»

«አንቺ ቅጠልሽን ለውጪ። ማሰቡን ለእኛ ተዪው።»

አንቺ! የመጨረሻ ልጇ እኩያ ነው። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ እንቁላሎቹን በብሩሽ ሲፈትግ በሩ ላይ ቆማ፣ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ብላ አጉተመተመች።

እጮቹ ተፈለፈሉ። ቀኑን ሙሉ ቅጠል ይቦጫጭቃሉ፣ ግን አያድጉም። በስድስተኛው ቀን ከሁለት መቶ የተረፉት አሥር አይሞሉም። ሌሎቹ እዚያው ቅጠላቸው ላይ በረሃብ ደርቀው ቀሩ። ዴያኒራ ሳጥኖቹን ስትጠርግ ጥርሷን ታፋጭ ነበር።

ሪካውርቴ ይባስ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት፦ መርዝ የነካው ቅጠል አምጥታለች!

አልፈረመችም። የአንዲት እናት ገና ያልታጠቡ እንቁላሎችን ወስዳ ከግማሾቹ ላይ ቆቧን በመርፌ አነሳች፤ ግማሾቹን እንዳሉ ተወች። በሁለት ሳጥን ለይታ ለሁሉም ከአንድ ሐረግ የተቀጠፈ ቅጠል ሰጠች። በአሥረኛው ቀን ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ሁለቱን ሳጥኖች ኃላፊው ፊት ከፍታ ደረደረቻቸው። በአንደኛው እጮቹ ወፍረው ይርመሰመሳሉ፤ በሌላው የሞቱት ተኝተዋል።

ሪካውርቴ አገላብጦ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር።»

«ጠርጥረህ ነው ደብዳቤ የጻፍክብኝ?» አለች፤ «እርስዎ»ው በዚያች ቅጽበት ከአፏ ጠፋ። «ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው። የገደልካቸው አንተ ነህ! በል አሁን ቅደደው፣ እዚሁ፣ እያዩህ!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሪካውርቴ ጆሮው ቀልቶ ደብዳቤውን ከእጇ ወስዶ ቀደደ። ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

ከሰዓት በኋላ ዴያኒራ እሱ ዳግም እንዳይገባበት የማርቢያውን ክፍል ቁልፍ ለውጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ንዴቷ ግን አልበረደላትም፤ እራት ላይ ሙዝ እየጠበሰች ለእህቷ ስትነግራት፣ ሙዙ እስኪያርር ድረስ ትጮህ ነበር።