ራሳችንን ወደ ሞተሩ አድርገን ስንተኛ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ወንድሜ ሞላ ገመድ አስያዘኝና፣ «ጀልባው መሬት ሳይነካ እንዳትዘል» አለኝ። ዘለልሁ። እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ተሳፋሪው ሣቀ፤ እሱም ሣቀ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ ጊዜ ነበር። አያ ሞላ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ነጂ ነው። ነበር ልበል። እኔ ረዳቱ ሆንሁ።

ረዳት ገመድ ይይዛል፣ ቤንዚን ይቀዳል፣ ተሳፋሪውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ያለብሳል። እምቦጭ ሞተሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን አንሥቶ በእጁ ይነቅላል። አያ ሞላ እየነዳ በየመካከሉ ደረቱን በጡጫ መታ መታ ያደርግ ነበር።

«ምንድን ነው?» አልሁት።

«ቃር ነው። የጀልባ ሰው ሁሉ አለበት።»

ውሸት አልነበረም። ተራችን እንዳያመልጠን ቀን አንበላም። የመጨረሻው ጉዞ ካለቀ በኋላ ሽሮ በሚጥሚጣ ጠግበን እንበላለን። ሞተር የሚጠብቀው ተረኛ እንደ በላ ጀልባው ውስጥ ይተኛል። ጀልባ እንዴት እንደሚቆም ታውቃላችሁ፤ ፊቱ ወደ መሬት ይጎተታል፣ ኋላው ውኃ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ሞተሩ ያለው ኋላ ነው። ሌባ ቢነካው እንድንሰማ ራሳችንን ወደዚያው አድርገን እንተኛለን። እንዲህ ያስተማረኝ አያ ሞላ ነው፤ እሱንም ሌላ ሰው አስተምሮታል። ትዳር ስላልነበረው የሌሎቹንም ተራ እሱ ይተኛላቸው ነበር።

ጠዋት ጠዋት ያስለዋል። ኮምጣጣ ውኃ ወደ አፉ ይመጣበታል። ድምፁም ሻከረ። ሰይድ የሚባል ነጂ ጓደኛችን፣ «ሞላ፣ ድምፅህን ዘጌ ጥለኸው መጣህ እንዴ?» ይለዋል።

«አንተ ትጮኽልኛለህ። ለጩኸት ማን ብሎህ!» ይመልስለታል።

ተልባ ይጠጣል፤ ወተት ይጠጣል። ለትንሽ ጊዜ ይሻለዋል።

ከዚያ ምግብ ደረቱ ላይ ይይዘው ጀመር። መጀመሪያ ሥጋ፣ ቀጥሎ እንጀራ። አንድ ጉርሻ ይውጥና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። አንድ ቀን ቀበቶውን በምስማር ሲበሳ አየሁት።

«አያ፣ ሐኪም ይይህ» አልሁት።

«ጥምቀት ይለፍ። እንግዳው የሚመጣው አሁን ነው።»

«አልበላ አልህ እኮ!»

«ሽሮ እየጠጣሁ አይደል? ይልቅ ገመዱን ፍታ።»

ጥምቀት አለፈ። ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት። «እንዴት ነው የሚተኙት?» አለችው። አያ ሞላ አልጋው ላይ ወጣና እግሩን ትራሱ ላይ ሰቅሎ፣ ራሱን በግርጌ በኩል ዝቅ አድርጎ አሳያት።

«ማን ነው እንዲህ ያስተኛዎት?»

«ሞተሩ» አላት። ልትሥቅ አለችና ተወችው።

ያስረዳችንን እስከማስታውሰው ልጻፈው። ጨጓራ ምግብ የሚፈጭበት አሲድ አለው። ጨጓራ ራሱ አሲዱን ይችለዋል፤ የምግብ ቧንቧ ግን አይችለውም። በሁለቱ መካከል እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ። እሱ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ጠግቦ ወዲያው የሚተኛ፣ ያውም ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚተኛ ሰው መንገዱን ያቀልለታል። አሲዱ ጉሮሮ ሲደርስ ያስላል፣ ድምፅ ያሻክራል፣ ጥርስም ይበላል። ለዓመታት ሲመላለስ ቧንቧውን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲሽር ቧንቧው ይጠባል። በጥቂት ሰዎች ላይ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ብዙዎቹ ግን ታክመው ይሻላቸዋል።

ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮው አስገብታ አየች። ከቧንቧው ቁራጭ ሥጋ ወስዳ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ካንሰር ነበር።

«ከመኝታዬ ነው?» አላት።

«ከመኝታው ብቻ ነው ማለት አልችልም። ግን ቀደም ብለው ቢመጡ ጥሩ ነበር።»

አያ ሞላ ክረምቱን አላለፈም። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ከዚያ በኋላ እኔ ነጂ ሆንሁ። ነጂዎቹን ሰብስቤ የሰማሁትን ነገርኋቸው። ጠባቂው ቀደም ብሎ ይብላ፤ እንደ በላ አይተኛ። ሞተሩ በሰንሰለት ይታሰር፤ ራሳችን ወደ መሬቱ ይሁን። ሰይድ፣ «እግሬን ወደ ሞተሩ ካደረግሁማ ሌባው ከጫማዬ ይጀምራል» አለ። ተሣቀ። ግን አደረጉት።

አንድ ጠዋት ተሳፋሪ እየጫንሁ ሳለ ሰይድ መጣና በቀስታ፣ «ወንድማለም፣ ዳቦ እዚህ ላይ ይቆምብኛል» አለኝ። ደረቱን ነካ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ። የገና እንግዳ ይለፍ ብዬ ነው።»

ጀልባዬ ሞልቶ ነበር። ተሳፋሪዎቹን ይቅርታ ጠይቄ ወደሚቀጥለው ጀልባ አሻገርኋቸው። ተራ አስከባሪው ጮኸ። «አብደሃል? የሞላ ጀልባ ይለቀቃል?»

«ይለቀቃል» አልሁት። ሰይድን ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ ይዤው ሄድሁ።

ቁስል ተገኘበት፤ ቧንቧውም ጠቦ ነበር። ካንሰር ግን አልነበረም። አሁን መድኃኒት ይወስዳል። ትናንት ዓሣ ሲበላ አየሁት። ቀስ ብሎ ያላምጣል፤ ይውጣል። ሳየው አየኝና፣ «ምን ታፈጣለህ? አጥንቱን ነው የምትፈልግ?» አለኝ።

ቃር ሲመላለስባችሁ ታከሙ። ምግብ አልወርድ ካላችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ሂዱ። ተሳፋሪውን ሌላ ሰው ይጭነዋል።